የሁዳዴ ጠዋት ጉርሻ

ሞላሌ ከተማ ፖሊሶች ከቤቴ ደጃፍ ይዘው ሲወስዱኝ ባለቤቴ ከጋቢዬ በፊት ያቀበለችኝ መድኃኒቴን ነበር። አንዱ ፖሊስ ካርቶኑን ገለባብጦ «የምን ነው?» አለ። «የጉበት ካንሰር» አለችው። ካርቶኑን መለሰልኝ። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

የታሰርኩባት ክፍል ጠባብ ነበረች። ሲሚንቶው ይበርዳል፤ ሁሉም የተከናነበው የሱፍ ባና የእርጥብ በግ ጠጉር ይሸታል። ለምን እንደታሰርኩ ያኔ አልነገሩኝም፤ ዛሬም አላውቅም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ሐኪሜ «እብጠቱ አሁን ለቀዶ ጥገና አይመችም። በክኒኑ ካነሰ ቆርጠን እናወጣዋለን። ካቋረጥክ ግን ዕድሉ ያመልጠናል» ብሎኝ ነበር። ክኒኑ ጠዋት ጠዋት ከምግብ በኋላ የሚዋጥ ነው።

ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ክፍሉ በሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። የመንዝ ሰው ነኝ፤ በጾም ጠዋት ይቅርና በአዘቦቱም ሰው እያየው ብቻውን የሚበላ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ክኒኑን በባዶ ሆዴ ዋጥኩት። አስመለሰኝ። በማግስቱም እንዲሁ። እዚህም እስር ቤት ሆኜ ይሉኝታ!

አብረውን የታሰሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ፤ የጊሼ ሰው። አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉ።

«መድኃኒቱ ለምን አልረጋልህም?»

«ከምግብ በኋላ ነው የሚዋጠው፣ መምሬ።»

«ታዲያ ብላ!»

«ሰው ሁሉ እየጾመ?»

«ለበሽተኛ ቤተ ክርስቲያን ፈቅዳለታለች። አንተ ከማን ልትበልጥ ነው?»

ባለቤቴ የላከችውን የገብስ ዳቦ ቆርሰው አጎረሱኝ። አፌ ውስጥ ይዞራል እንጂ አልወርድ አለ። ሁሉም ወለሉን ያያል። መምሬ ትንሽ አዩኝና ዳቦውን እጄ ላይ አስቀመጡት።

«አጉርሰኝ» አሉ።

«ኧረ መምሬ፣ እርስዎማ...»

«አጉርሰኝ ብያለሁ።»

ከድቁናቸው ጀምሮ በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ቀምሰው የማያውቁ ሰው ናቸው። ቆርሼ አጎረስኳቸው። ቀስ ብለው አላምጠው ዋጡ። እኔም ዋጥኩ፤ ክኒኑን አስከተልኩ። አልተመለሰም። እሳቸው ወደ ጥጋቸው ሄደው ይሰግዱ ጀመር፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ሌላው ሲበላም አላቆሙም። ከዚያን ቀን ወዲያ ጠዋት ሲሆን አንዱ ዳቦ ይቆርስልኛል፣ ሌላው ውኃ ያቀብለኛል። እኔም ያለ ሐፍረት እበላለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ፈቱኝ። ስመረመር እብጠቱ አንሷል። ሐኪሞቹ የታመመውን የጉበቴን ክፍል ቆርጠው አወጡት፤ የቀረው ጤነኛው ጉበት መልሶ እያደገ ነው አሉኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ እጃቸው ይባረክ።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ሐኪሜ መጾም እንደምችል ነገረኝ። መምሬም ተፈተው ነበርና ላመሰግናቸው አገራቸው ጊሼ፣ ራቤል ድረስ ሄድኩ። ገና አፌን ስከፍት አቋረጡኝ።

«ለዚያች ጉርሻ እኔ እስከ ዛሬ እሰግዳለሁ» አሉ እየሳቁ። «ከዳንክማ ና አግዘኝ።»

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጎን ለጎን ቆምን። ጎንበስ ስል የቀዶ ጥገናው ጠባሳ ወጠረኝ። ግንባሬ መሬት ነካ፤ ተነሣሁ። ደግሜ ጎንበስ አልኩ።