ወፏ እኔ ነበርኩ

ታምራት ከቢሮው የድንጋይ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ቆሞ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ሽታዬና ደጀኔ፣ ዱላቸውን ይዘው ፊት ለፊቱ ነበሩ። የአገሩ ሽማግሌ አያ ጥላሁን ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ኃላፊያችን አቶ መኮንን ደረጃው ላይ። ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና የለበሰ ገበሬ ግቢውን ሞልቶታል። እኔ ውስጥ ነበርኩ፣ ከመስኮቱ ኋላ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ።

እጄ ለምን ደረቴ ላይ እንደነበረ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ እዚህ ስደርስ ግን ዘልዬዋለሁ። ዛሬ አልዘለውም።

ስሟን በማልጽፋት አንዲት የመንዝ ከተማ ውስጥ የመሬት መዝገብ ጸሐፊ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በታይፕ ጀምሬ፣ በኮምፒውተር ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የወረቀቱን መዝገብ አይጥና እርጥበት ስለጨረሰው የገበሬው ድንበር ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ነበር። ኮምፒውተሩን የሚያየው ባለሙያ ታምራት ነው፤ የመርሐቤቴ ልጅ፣ ቆለኛ፣ ሳቂታ። እማማ አስካለ ነበር የሚለኝ።

ኮምፒውተሩ ላይ የሚከፈተውን ጥቁር መስኮት ያስተማረኝ እሱ ነው። እዚያ ላይ የሚጫኑት ሥዕል የለም፤ ሁሉንም በጽሑፍ ማዘዝ ነው። "ይሄ እንደ ሌላው አይደለም እማማ" አለኝ። "እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ አይጠይቅም። አጥፋ ካሉት ያጠፋል።" ትእዛዞቹን በአንድ ፋይል ላይ በተራ ጻፈልኝ። ጠዋት ጠዋት የፋይሉን ስም ብቻ እጽፋለሁ፤ የቀረውን ራሱ ይሠራል። መጀመሪያ የመዝገቡ ቅጂ ወደሚቀመጥበት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ወደሚሰካው ፍላሽ ይሄዳል፣ እዚያ ያለውን አሮጌ ቅጂ ያጠፋል፣ ከዚያ አዲሱን ይገለብጣል። በመሄዱና በማጥፋቱ መካከል ታምራት አንዲት መስመር አስገብቷል፤ ወደ ፍላሹ መሄድ ካቃተህ ቁም የምትል። "ይቺ ከሌለች የቆመበትን ቦታ፣ ዋናውን መዝገብ፣ ያጠፋል" ብሎኛል። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም አልልም።

ፍላሹ ማታ ማታ ከእኔ ጋር ይወጣል፤ ዋናውና ቅጂው አንድ ቤት እንዳያድሩ። እንዳይጠፋብኝ ከማተቤ ጋር አስሬ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ነበር።

አንድ ጠዋት ፍላሹን ሳልሰካ ትእዛዙን ሰጠሁ። ያቺ መስመር ሥራውን አቆመችና መሄድ አልተቻለም የሚል ጽሑፍ ወጣ። አቶ መኮንን ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር። "እማማ አስካለ፣ ይሄ የልጆች ነገር ነው" አሉ። "ቤት ተቀምጠው የበግ ጠጉር ቢፈትሉስ?" ባለጉዳዩ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰው ሲወጣልኝ ፋይሉን ከፍቼ ያቺን መስመር አጠፋኋት። ታምራትን አልጠየቅኩም። ማንም አላዘዘኝም። እኔ፣ በራሴ ጣት፣ ዳግመኛ እንዳታሳቅቀኝ ብዬ አጠፋኋት።

ከዚያ በኋላ ውርጭ የጣለበት ጠዋት መጣ። ጋቢዬን ደርቤ፣ ፍላሹን ከሥሩ ረስቼ፣ የፋይሉን ስም ጻፍኩ። ጥቁሩ መስኮት ዝም አለ። ዝምታው ደግ ነገር መስሎኝ ወደ ሌላ ሥራዬ ዞርኩ።

ሽታዬና ደጀኔ የድንበራቸውን ማስረጃ ሊወስዱ ሲመጡ መዝገቡ የለም። የእነሱ ብቻ አይደለም፤ የማንም የለም። ወደ ፍላሹ መሄድ ያቃተው ትእዛዝ የቆመበትን አጥፍቶታል። የእነዚህ ሰዎች አባት በዚያ ድንበር ላይ በመጥረቢያ ተመትቶ የሞተ ነው። ያለ መዝገቡ መሬቱ ለጎረቤታቸው፣ ለገዳዩ ወገን ሊሆን ነው። ታምራት ደግሞ ሌላ ክፍል አጥቶ የተከራየው ከዚያ ጎረቤት ቤት ነበር።

ታምራት ተጠርቶ መጣ። ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ ጥቂት አየና ወደ እኔ ዞረ። "እማማ፣ ፍላሹን ይስጡኝ። ቅጂው እዚያ ላይ ካለ ሁሉም ይመለሳል።"

"ጠፍቶብኛል" አልኩት።

አንገቴ ላይ ነበር። ብረቱ ቆዳዬን ይነካኝ ነበር። ለምን ዋሸሁ? ፍላሹ ቢሰካ የቀደመው ቀን ቅጂ ይገኝበትና በዚያ ጠዋት እንዳልተሰካ ይታወቃል፤ አቶ መኮንን ደግመው ይስቁብኛል። ይኸው ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት በውስጤ ፈልጌ አላገኘሁም።

አያ ጥላሁን አፈርሳታ ጠሩ። ጥፋተኛ ሲሰወር በእኛ አገር ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ማንም አይበተንም። የሚያውቅ ሰው በአደባባይ አይናገርም፤ ወደ ሽማግሌው ቀርቦ ወፍ ነገረችኝ ብሎ በጆሮው ይናገራል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ሰው ሁሉ አለፈ። ወፍ የነገረችው አልነበረም። ተራዬ ደረሰ።

"አንቺስ አስካለ፣ ወፍ ምን አለችሽ?"

"ታምራት ነው አለችኝ" አልኩ። "ለአከራዩ ሲል ነው አለችኝ።"

ተናግሬ ወደ ቢሮዬ ገባሁ። ወፏ እኔ ነበርኩ።

አያ ጥላሁን ወፏ ያለችውን ለሕዝቡ ነግረው ዳኛ ይየው ብለው ነበር። ወንድማማቾቹ አልቆሙም። የመጀመሪያው ዱላ ጉልበቱን አገኘው፤ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፤ የተሰበረው እንጨቱ አልነበረም። ሲወድቅ ደጀኔ በፀጉሩ ይዞ አነሣውና ከግድግዳው ጋር አላተመው። አፉ በደም ተሞላ። ሽታዬ ጎኑን፣ እጁን፣ እንደገና ጎኑን መታው። "አውጣ! የበላኸውን አውጣ!" ይል ነበር። ከኋላ አንዱ "ቆለኛን ስታምን እንዲህ ነው!" አለና ሳቅ ተሰማ። ታምራት "ቅጂ አለ! ፍላሹን ፈልጉ!" ብሎ ጮኸ። ጥርሱ ስለረገፈ ቃሉ አይለይም ነበር፤ እኔ ግን ለየሁት። ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ "እማማ! ይንገሯቸው!" አለ።

ፍላሹን በጋቢዬ ላይ ጨብጬ ነበር። ሁለት እርምጃ ወጥቼ ባሳያቸው ያበቃ ነበር። ምን ያደርጉኝ ነበር? ምንም። በእኛ አገር ሽበት ባወጣች ሴት ላይ ዱላ አይነሣም። ይህን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። እኔን አይነኩኝም ነበር፤ እሱን ግን ይገድሉት ነበር፤ ይህን እያወቅሁ ቆምኩ። ደጀኔ የዱላውን የብረት ጫፍ ዓይኑ ላይ ሲያሳርፍ አየሁ። ፊቴን እንኳ አላዞርኩም።

ራሱን ሲስት ተዉት። በቃሬዛ አወጡት።

ግቢው ሳይበተን ፍላሹን ከማተቤ ፈትቼ ሰካሁ። የቀደመው ቀን ቅጂ እንዳለ ነበር። መዝገቡን ሁሉ መለስኩና ለአቶ መኮንን ተገኝቷል አልኳቸው። ጥፋቴን በግማሽ የካስኩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ደረጃው ላይ ወጥተው "መዝገቡ ተመለሰ!" ብለው ጮኹ። ሽታዬ እጁ ላይ ያለውን ደም በባናው እየጠረገ "አላልኩም? ዱላ አስተፋው!" አለ። ሰዉ እልል አለ። ደብቆት ባይሆን ኖሮ ሲመታ እንዴት ይገኛል? እንዲህ ሆነ ማስረጃው። የመለስኩት መዝገብ ወንጀለኛነቱን አጸናበት።

ያን ጊዜም መናገር እችል ነበር። ከሥራ ሲባረር እችል ነበር። አንድ ዓይኑ እንደጠፋ ስሰማ እችል ነበር። ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ባና አልብሶ ሸኘኝ፤ አቶ መኮንን ታማኝነቴን አወሱ። ባናውን ለበስኩት። ሞቀኝ።

ዘንድሮ በአውቶቡስ ወደ አገሩ ወደ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ወረድኩ። ታምራት ጉዳይ ላለው ሰው ማመልከቻ የሚጽፍበትና ስልክ የሚጠግንበት ጠባብ ሱቅ አለው። አንድ እግሩን ይጎትታል። ሰላም አላልኩትም፤ ጡረታ ስወጣም ያልመለስኩትን ፍላሽ ከማተቤ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። በቀረው ዓይኑ ቆይቶ አየው።

"ጠፍቶብኛል ብለውኝ ነበር።"

"ወፏም እኔ ነበርኩ" አልኩት።

እጁ ስልክ ይፈታ ነበር፤ መፍታቱን ተወ። "ወፏን አላወቅኩም" አለ። "መስመሯን ማን እንዳጠፋት ግን ያን ቀን ፋይሉን ስከፍት አይቻለሁ። ብናገር ማን ያምነኛል? እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ዱላው ሲወርድብኝ አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ይናገራሉ እል ነበር፣ እማማ።"

እማማ አለኝ።

ይቅር በለኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። ይቅር ቢለኝ ለእሱ ምን ይጨመርለታል? የሚቀልለው ለእኔ ነው። አፌን ዘጋሁ። አንድ ገበሬ ወረቀት ይዞ ከኋላዬ ገባና ተራውን ይጠብቅ ጀመር። ጋቢዬን ሰብስቤ ወጣሁ።