ከበቅሎ ወደ ጉግስ

ፈረስ መጋለብ ያስወጣኝ ይህን ነው፦ አንድ የላይ የፊት ጥርስ፣ አንድ ጥቁር ጥላ፣ ሁለት ሱሪ፣ ብርድ ሲሆን የሚነሳ የግራ ትከሻ ሕመም፣ በመርሳ ገበያ ሃያ ዓመት የገነባሁት የቁም ነገረኛ ሰው ስም። ከሁሉም የከበደኝ የመጨረሻው ነው። ጥርስ ይተከላል።

ሥራዬ ጨው፣ ሳሙና፣ ስኳርና ክብሪት መሸጥ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ የቀረውን ያስተማረኝ ከወልድያ መናኸሪያ እስከ መርሳ ያለው መንገድ ነው። ጦርነቱ ወርዶ ሁለቱም ከተሞች በሌላ እጅ በገቡበት ክረምት መጀመሪያ የጠፋው መብራት ነበር፤ ከዚያ ስልክ፣ ከዚያ ባንክ፣ ከዚያ ነዳጅ። ሰው በሕይወት እስካለ ይበላል፤ ከበላ ደግሞ ጨው ይፈልጋል። ጨው እኔ ጋ ነበር። ጨው ፈላጊው ግራና የምትባለው ከተማ ነበረች። በመካከላችን መኪና የሚባል ነገር አልነበረም፤ የእኔ ጉልበት ደግሞ ግራና ደርሶ ለመመለስ የሚበቃ አይደለም።

በዚያው ሰሞን ከወልድያ በላይ ካለው ደጋ አንድ ሽማግሌ ዳማ ፈረስ እየሳቡ ወደ መርሳ ወረዱ። ዳሌያቸው ተጎድቶ ስለነበር ፈረስ ይዘው በእግራቸው ነበር የሚሄዱት። ፈረሱ የልጃቸው ነው። ልጁ በአገሩ በጉግስ የታወቀ ጋላቢ ነበር፤ በጦርነቱ መጀመሪያ ሞተ። እንዴት እንደሞተ አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አላወሩም። ፈረሱን እንዳይወስዱባቸው በገደል በገደሉ ደብቀው ነው ያመጡት። ከጓሮዬ ያለውን ባዶ መጋዘን ሰጠኋቸው። ደግነት ነው ብዬ አልዋሽም፤ ፈረሱን አይቼ ነው።

በማግስቱ ጨው ልጭንበት ጆንያ አምጥቼ አጠገቡ አቆምኩ። ሽማግሌው ጆንያውን በከዘራቸው ገፋ አደረጉት።

«ይሄ የማነው?»

«የእኔ ነው አባቴ። ግራና የሚሄድ ጨው ነው።»

«ለጨው አህያ ተከራይ። ፈረሱ ላይ አንተ ተቀመጥበት፤ መኖውንም መኝታችንንም የምትከፍለው አንተ ነህ። ጭነት ግን አይነካውም። የጉግስ ፈረስ አንድ ቀን ከተጫነ ወገቡ አለቀ። ፈረስ መጋለብ ታውቃለህ?»

«በቅሎ ስምንት ዓመት ጋልቤያለሁ።»

«በቅሎ አይጋለብም» አሉኝ። «በቅሎ ላይ ይቀመጡበታል እንጂ።»

ነገሩን እንደ ደገኛ ኩራት ቆጠርኩት። ንግድ ስጀምር በበቅሎ ነበር ገበያ የምዞረው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልወደቅኩም። ስለዚህ አህዮቹ ከፊት፣ እኔ ከኋላ በዳማው ላይ ሆኜ፣ ግራና መመላለስ ጀመርን። በእርምጃ ብቻ ነው የምንሄደው። ሁለት ሱሪ ከጭኑ በኩል ከማለቁ በቀር ችግር አልነበረም። ከሦስት አራት ጉዞ በኋላ ጋላቢ ነኝ ብዬ አመንኩ። በመንገድ የማገኘውን ሰው ከላይ ወደ ታች ሰላም ማለትም ለመድኩ።

መስከረም ጠባና ዝናቡ ቆሞ ፀሐዩ መክረር ጀመረ። በአንድ የገበያ ቀን ግራና መግቢያ ላይ ስደርስ፣ በበቅሎ ዘመኔ እንደማደርገው፣ ከጭኔ ሥር የሰካሁትን ጥላ መዝዤ ልከፍተው ቀኝ እጄን ከትከሻዬ በላይ ወደ ኋላ ሳብኩ። የአገራችን ነጋዴ በቅሎ ላይ ጥላ ካልያዘ ነጋዴ አይመስልም።

ፈረሱ መጀመሪያ እንደ ጥይት ተፈናጠረ። ጥላው ከእጄ ሲወጣ ደግሞ በአንድ እግሩ ላይ እንደቆመ ያህል ወደ ግራ ታጠፈ። ፈረሱ ወደ ግራ ሄደ፤ እኔ በያዝኩት መንገድ ቀጠልኩ። የቆምኩት የማሳ እርከን ድንጋይ ላይ ነው፣ በአፌ። ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች መጀመሪያ ደነገጡ፤ መነሳቴን ሲያዩ ግን ጊዜ አላጠፉም፣ ሳቁ። ከመካከላቸው አንዷ ጥርሴን ከአፈሩ አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ «እንካ፣ ንብረትህ ነው» አለችኝ። በመርሳ ገበያ ጎረቤቴ የሆነው የጨርቅ ነጋዴም እዚያው ነበር። እሱ ያየውን አገር ይሰማዋል።

ቤት ስደርስ ሽማግሌው ወደ አፌ አላዩም። ጎንበስ ብለው የፈረሱን እግሮች አንድ በአንድ ዳሰሱ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ምን አነሳህ?»

«ጥላ።»

«በየትኛው እጅ?»

«በቀኝ።»

«ወደ ኋላ ስበህ?»

«አዎ፣ ልከፍተው ብዬ...»

«እንግዲያው ፈረሱ ልክ ነው» አሉ። «ቀኝ እጅ ወደ ኋላ ከተሳበ ዱላ ሊወረወር ነው፤ ይሮጣል። ዱላው ከእጅ ከወጣ ይሸሽ የነበረው ዞሮ ያባርረዋል ማለት ነው፤ ይታጠፋል። ልጄ ያስተማረው እንዲህ ነው። አንተ ጉግስ ጀምረህ ገበያ መስሎህ ተቀመጥክ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ፍርሃት ያዘኝ። ፍርሃቱ ራሴ ላይ አልነበረም፤ ቀኝ እጄ ላይ ነበር። ፈረሱ ላይ ከወጣሁ አፍንጫዬን ቢበላኝም አላክም። ሰላምታ በግራ እጄ ሆነ፤ ሰዎችም ኮርቷል ብለው አሙኝ። ጠዋት ከመነሳቴ በፊት የኮርቻውን ጠፍር ሦስት ጊዜ አጠብቅ ነበር። አራተኛውን ስጀምር ባለቤቴ ከበር ላይ ሆና «ኮርቻውስ ጠብቋል፤ የላላኸው አንተ ነህ» አለችኝ። አራተኛውን ሳልጨርስ ወጣሁበት።

እንዲያም ሆኖ ግራና መሄዱን አላቆምኩም፤ ጨው አልቆመምና። ከፈረሱም ጋር ተላመድን። በጉዞ ላይ የሚያስነጥሰውን አስነጣጠስ፣ ድልድይ ላይ ሲደርስ ጆሮውን የሚያዞርበትን አዟዟር አወቅኩ። እነዚህን ነገሮች ማወቅ ለአንድ ጨው ነጋዴ ምንም አይጠቅመውም። አወቅኳቸው።

ከተማው ተመልሶ በእጃችን ገባ፤ ቀስ እያለ መኪናም መጣ። ሽማግሌው ጥምቀትን አሳልፌ ወደ አገሬ እመለሳለሁ አሉ። ፈረሱን ይዘው ማለት ነው። በዚያ ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁት በምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሽማግሌው ግን ዋጋ ጠራሁ። ለፈረሱ ገለባ ማቅረባቸውን ቀጠሉ። ጨመርኩ። ውኃ አቀረቡለት። ሦስተኛውን ስጠራ እኔ ራሴም ደንግጬ ነበር።

«አንተ ሰው» አሉኝ፣ «እኔ ገበያ አልወጣሁም። ፈረሱ ጋላቢ ካጣ ይሰንፋል፤ ከሰነፈ ይጫናል፤ ከተጫነ ያልቃል። እኔ ዳሌዬ አይፈቅድም። አገሬም ላይ የሚጋልብ ወጣት አልቀረም። በጥምቀት ጉግስ ግባበት። ዱላ ተወርውሮብህ፣ አንተም ወርውረህ፣ ሳትወድቅ ከተመለስክ ያለ ምንም ውሰደው። ከወደቅክ ይዤው እሄዳለሁ፤ በአገሩ ይሙት።»

በሕይወቴ ብር ይዤ የማልገዛው ነገር ሲቀርብልኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ለመደራደር ሞከርኩ፤ መጋለቡ ብቻ ይበቃል አልኩ፣ መወርወሩ ይቅር አልኩ። «የፈራኸው የቱን ነው?» አሉኝ። መወርወሩን አልኩ። «በል እሱን ነዋ የጠየቅኩህ።»

መርሳ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ስልጠና ተጀመረ። እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በከዘራ ያዛሉ። ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ፣ ከደንገላሳ ወደ ሽምጥ አወጡኝ። ፈረሱ ሁሉንም ያውቃል፤ ተማሪው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሽምጥ ራሱ እንደፈራሁት አልሆነም፤ ከሶምሶማው ይልቅ ለመቀመጥ ይመቻል። የከበደው እጄ ነው። መጀመሪያ ፈረሱን አቁመው እጄን ባዶውን ወደ ኋላ እንድስብ አደረጉኝ። ፈረሱ ይሰበሰባል፣ ጡንቻው ከሥሬ ይነሳል፣ እኔ እጄን አወርዳለሁ። ይኼን ጠዋት ጠዋት ስንት ጊዜ እንዳደረግነው አልቆጠርኩም። ቀጥሎ የማሽላ አገዳ አስያዙኝ። ቀጥሎ ዱላ፣ በግራ እጄም ጋሻ።

«ፍርሃቱ መቼ ነው የሚለቀኝ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ስለ ፍርሃቱ እኔ ምን አገባኝ። ጉልበትህን ግጠም። ፈርተህም ቢሆን ጉልበትህን ግጠም።»

ከሰማሁት ምክር ሁሉ የሠራልኝ ይኼ ነው። ነጋዴ ሲፈራ እጁን ኪሱ ይከታል፤ ደንበኛ መንቀጥቀጡን እንዳያይ። ጋላቢ ኪስ የለውም። ጉልበት ግን አለው፤ ጉልበቱ ከኮርቻው ጋር ከገጠመ ሌላው አካል የፈለገውን ቢያደርግ ግድ የለም።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦታቱ ከገቡ በኋላ ሕዝቡ ከጥምቀተ ባሕሩ በታች ባለው ሜዳ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ቆመ። በዚያ ዓመት የመጡት ፈረሶች ጥቂት ነበሩ፤ የቀሩት የት እንደሄዱ ሁሉም ያውቃል። ከእኔ ጋር የሚገጥመው የጨርቅ ነጋዴው ጎረቤቴ ሆነ። ሙስሊም ነው፤ ግን በአካባቢያችን ጥምቀት ላይ እሱ ያልጋለበበት ዓመት የለም። የኮርቻዬን ጠፍር ለሦስተኛ ጊዜ ሳጠብቅ ፈረሱን አስጠግቶ መጣ።

«ወላሂ፣ ጎረቤት ነህ ብዬ አልምርህም።»

«መቼ ምረኸኝ ታውቃለህ?»

«ሱሪ ስሸጥልህ ምሬሃለሁ። ሁለት ጊዜ።» ከዚያ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አብሽር። ትከሻህን ነው የምመታህ፣ ፊትህን አልነካም። የቀረህንም ጥርስ ከወሰድኩ ሚስትህ ታማኛለች።»

ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት «ነጋዴው፣ ጥላህን ይዘሃል?» ብላ ጮኸች። ግራና ሽንኩርት የምትሸጠው ናት ብዬ እጠረጥራለሁ። ሜዳው ሳቀ። ሽማግሌው በሌላው ጫፍ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አልሳቁም፤ የሚያዩትም ፈረሱን ነው።

መጀመሪያ የምሸሸው እኔ ነበርኩ። ዳማው ሲነሳ ሰው፣ ዛፍ፣ ሜዳ ሁሉ አንድ ሆነ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፣ ጋሻዬን አነሳሁ፤ ዘግይቼ። ዱላው የግራ ትከሻዬን አገኘው። ቃሉን ጠብቋል። ትከሻዬ ሲደነዝዝ ደስ አለኝ፤ ግማሹ አለፈ ማለት ነው።

ዞርን። አሁን የማባርረው እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ከፊቴ ጋሻውን ጀርባው ላይ አድርጎ ይሸሻል፤ ዱላው በቀኝ እጄ አለ፤ ሜዳው እያለቀ ነው፤ እጄ አልነሳ አለ። ዝም ብዬ ዱላ ይዤ ብጨርስ አልወድቅም ነበር። ግን ካልወረወርኩ ፈረሱ ወደ አገሩ ይሄዳል። ወደ ሽማግሌው አላየሁም። ጉልበቴን ገጠምኩ፣ እጄን ወደ ኋላ ሳብኩ።

ፈረሱ ከሥሬ ረዘመ። ዱላውን ለቀቅኩት። ወዲያው ወደ ግራ ተሰበረ፤ የቀኝ እግሬ ከእርካብ ወጣ፣ መሬት በጎኔ በኩል ቀርቦ አየሁት፣ ሣሩን ሳይቀር። ጉልበቴ አልለቀቀም። ኮርቻው ተመልሶ ከሥሬ ገባ። ዱላዬ የወደቀው ከጎረቤቴ ሃያ ክንድ ርቆ ነው፤ ለዚህ ግን ማንም ቃል አልገባም።

ፈረሱን ወደ ሽማግሌው በእርምጃ መለስኩት። ወርጄ ኮርቻውን ይዤ ቆምኩ። እሳቸው ጎንበስ ብለው የፈረሱን እግሮች አንድ በአንድ ዳሰሱ። ብዙ ቆዩ። ሲነሱ የፈረሱን መሳቢያ ገመድ በእጄ አስቀመጡ።

«ጭነት?»

«የለም።»

«ማልልኝ።»

በገበያ ለዋጋ ብዬ ያልማልኩበት ቅዱስ የለም፤ እሳቸውም ያውቃሉ። በማግስቱ ሚካኤል ነበር፤ በእሱ ማልኩ። ያን መሐላ አልበላሁትም።

ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ሸኘኋቸው። ከአጠገቤ የቆመውን ፈረስ ሳያዩ ገቡ፤ መስኮቱ ጋ ሲቀመጡ ፊታቸውን ወደ ሌላው ወገን አዞሩ። ሚኒባሱ እስኪወጣ ፈረሱን ይዤ ቆየሁ።

አሁን ያለው ይህ ነው። አንድ ፈረስ አለኝ፤ ይበላል፣ አይሠራም። ጨው በአህያ ይሄዳል። በየጥምቀቱ እገጥማለሁ፤ እስካሁን ማንንም መትቼ አላውቅም። ከመነሳቴ በፊት እፈራለሁ።