ቡችላው፣ ቄጠማውና የእናቴ ጽዋ

መንዝ ውስጥ ውሻን ቤት ውስጥ ማሳደር ለሰው የሚነገር ነገር አይደለም። ውሻ ደጅ ያድራል፣ ደጅ ይጮሃል፣ አለቀ። እኔ ግን ደብረ ብርሃን ጥቂት ዓመታት ሠርቼ ወደ መሐል ሜዳ ስመለስ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ከጓሳ በኩል የሚመጣ የሥራ ባልደረባዬ የሰጠኝን ቡችላ ጃኬቴ ውስጥ ወሽቄ እናቴ ቤት ይዤው ገባሁ። የተመለስኩት አባቴ ካረፈ በኋላ ብቻዋን ስለቀረች ነው፤ ቡችላውንም «ለአንቺ ጥበቃ ነው» ብዬ አመካኘሁ። እውነቱን ለመናገር የፈለግኩት ለራሴ ነው።

«ደጅ ይደር» አለች እናቴ።

«በዚህ ውርጭ? ሲነጋ ደርቆ ነው የምናገኘው።»

«እናቱስ የት ያደገች መሰለህ?»

ተከራከርኩ። እኔ ስከራከር ደግሞ ሰው የሚረታው እውነት ይዤ ሳይሆን ስለማሰለች ነው። በመጨረሻ ቤቷ እንዳይሸት ቃል አስገብታኝ ተወችው።

ቃሉ በማግስቱ ፈረሰ። ቡችላው ሊሾው ላይ ሸና፣ ምንጣፉ ላይ ሸና፣ የእናቴ ጫማ ላይ ሸና። ማለዳ ውጭ ሳወጣው ብርዱ ያንቀጠቅጠውና ምንም ሳያደርግ ወደ በሩ ይሮጣል፤ ልክ ሲገባ ይለቀዋል። ስልኬ ላይ የውሻ ማሠልጠኛ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። በቪዲዮው ያሉት ሰዎች ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ምንጣፍ አላቸው። እኔ ምንጣፍ ከየት አመጣለሁ? የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ሳፋ በሩ ሥር አስቀመጥኩና ከጓሮ እርጥብ ሳር እያጨድኩ ሞላሁበት። ቡችላው መሬት መሬት ማሽተት ሲጀምር አንስቼ ሳሩ ላይ አቆመዋለሁ። ሲሸና «ጎበዝ» እለዋለሁ፣ የገብስ ዳቦ ቆርሼ አጎርሰዋለሁ፣ ጆሮውን አክክለታለሁ።

ገባው። እኔ ከጠበቅኩት ፈጥኖ ገባው። ተኝቶ እንኳ ሽንቱ ሲመጣ ብድግ ብሎ ወደ ሳሩ ይሄዳል፤ ከጨረሰ በኋላ ዞር ብሎ ያየኛል። መሥሪያ ቤት ሄጄ ልጅ እንደወለደ ሰው አወራሁ። ሳቁብኝ፤ ግድ አልሰጠኝም። እናቴም የማላያት መስሏት ቁራሽ ስትጥልለት አየኋት። ያን ሰሞን ትዕቢቴ ልክ አልነበረውም።

ከዚያ የእናቴ የማርያም ጽዋ ተራ ደረሰ። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በየተራ ይደግሳሉ፤ ጽዋው ከባለተራው ቤት ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ተረካቢ ይሄዳል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤታችን ሰው ሲሰበሰብ ይህ የመጀመሪያው ነው። እናቴ አልነገረችኝም እንጂ ምን እንደምትፈራ አውቅ ነበር፤ ባሏ ሲሞት ቤቷም አብሮ ወደቀ እንዳይባል ነው። ጠላውን ራሷ ጠመቀች። ጎረቤት ላግዝሽ ሲላት እምቢ አለች። ግድግዳውን አንዴ አስቀብታ አልጥም ቢላት እንደገና አስቀባችው።

በዕለቱ እኔም ልርዳ ብዬ ተነሣሁ። ከወንዝ ዳር የመጣውን ቄጠማ ከበሩ እስከ ጓዳው ድረስ የጎዘጎዝኩት እኔ ነኝ። እንዴት ያምራል ብዬ ቆሜ ያየሁትም እኔ ነኝ። ያን ሁሉ አረንጓዴ እያየሁ አንድም ነገር አልታየኝም።

ቡችላውን ማድቤት ዘጋሁበት። እንግዶቹ ገብተው፣ የእናቴ የንስሐ አባት ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦው ተባርኮ ሰዉ መቅመስ ሲጀምር ከማድቤት ልቅሶ ተሰማ።

«ይህ የሚያላዝነው ምንድን ነው?» አሉ ቄሱ።

«ውሻ ነው፣ አባ። የልጄ ነው» አለች እናቴ አቀርቅራ።

«ከቤት ነው አሉ የሚያድረው» አሉ አንዲት ማኅበርተኛ። ጥቂት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ክፋት የለበትም፣ ቀልድ ነው። እኔን ግን ከነከነኝ።

«እንደሌላው ውሻ አይምሰላችሁ» አልኩ። «የተማረ ነው። የሚሸናበትን ቦታ እንኳ ለይቶ ያውቃል፤ አምጥቼ ላሳያችሁ።»

እናቴ ተወው በሚል ዓይን አየችኝ። እንዳላየ ሆኜ ወጣሁና አመጣሁት።

ቡችላው ደፍ ላይ ቆሞ አየ። አሸተተ። ጅራቱን እየቆላ በእንግዶቹ እግር መሐል ሰተት ብሎ ገባና ጽዋው ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ሥር ሲደርስ ቁጢጥ አለ። አልቸኮለም። ጨረሰና ዞር ብሎ እኔን አየኝ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ፊቴ ነደደ። ስህተቱ የማን እንደሆነ እያወቅኩ፣ ሰዉ ሁሉ የእሱ እንዲመስለው ፈልጌ፣ «ውጣ፣ አንተ ባለጌ» ብዬ በጥፊ ወገቡን አጮልኩት። ጮኾ በሰው እግር መሐል እየተሹለከለከ ወጣ።

 እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተንበርክካ እርጥቡን ቄጠማ በእጇ ትሰበስብ ነበር። እኔ እንደ ግንድ ቆሜ አያታለሁ። ቄሱ «ፍጥረት ነው፣ ምን ያውቃል» አሉና ጠበል አስመጥተው ቤቱን ረጩ። ከዚያ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። ተረካቢዋም ጽዋውን ተሳልመው ተቀበሉ፤ በእልልታ ወጣ። ማንም ፊቱን አላጠቆረም። ሰዉ ጨዋ ነው።

ጨዋነታቸውን ግን እናቴ አልቻለችውም። የአጥሩ በር ላይ ቆማ የሚወጣውን ሁሉ አንድ በአንድ «ይቅር በሉኝ» ስትል ከቤት ሆኜ ሰማሁ። ወጥቼ አጠገቧ መቆም ነበረብኝ። አልወጣሁም። ብርጭቆ እንደሚሰበስብ ሰው ጓዳ ገብቼ ቆየሁ።

ሁሉም ሲሄድ ተመልሳ መጣች። የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር።

«ለምን መታኸው?» አለች።

«አሳፈረሽ እኮ።»

«እሱ አላሳፈረኝም። ሳር ሲያይ ሽና ብለህ አስተማርከው፣ ሳር አየ፣ ሸና። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

ልንፈልገው ደጅ ወጣን። ቡችላው ከእንጨት ክምሩ ሥር ተወሽቋል። እናቴ፣ ደጅ ይደር ያለችው እናቴ፣ ጎንበስ ብላ ስትጠራው እየተሳበ ወጣ፤ አቅፋ አስገባችውና ቄጠማው ከተጠረገበት ሊሾ ላይ አኖረችው። እኔም ይቅርታ መጠየቄ ነው ብዬ ጆሮውን ላክክለት እጄን ዘረጋሁ።

እጄን ሲያይ በጀርባው ተንጋለለና እዚያው ባዶው ሊሾ ላይ ሸናበት።

እናቴ አየችው፤ እኔንም አየችኝ። ጨርቅ ልታመጣ ስትነሣ ቀደምኳት። ተንበርክኬ ጠረግኩ። ቡችላው ጨርቅ የያዘውን እጄን በዓይኑ እየተከተለ ወደ እናቴ ቀሚስ ሥር አፈገፈገ።