በእጄና በልጅ ልጄ ራስ መካከል

ቅዱሳን፣ ጌታ የተባረከ ይሁን። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ስለ ልጅ ልጄ ስለ ቤዛ ጭንቅላት ልመሰክር ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ስጨርስ ታመሰግናላችሁ።

ቤዛ ልደታ ኮንዶሚኒየም ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። የታክሲ ሰልፍ ቢያስመርራት ብስክሌት ገዝታ በሱ ሥራ መመላለስ ጀመረች። እኔ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ራሷ ላይ እጄን ጭኜ ጸልዬ ነው የምሸኛት። አንድ ቀን ሄልሜት አድርጋ በሩ ላይ ቆመችልኝ። እጄን ብጭን ፕላስቲክ ነው።

አውልቂው አልኳት። ረፍዷል፣ በላዩ ጸልዪልኝ አለች። ቃሉም የመዳንን ራስ ቁር ያዙ ይላል ብላ ተከራከረችኝ። ያ የመዳን ነው፣ ያንቺ የሱቅ ነው አልኳት። ደግሞስ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? የሚገጨው ባለመኪናው፣ ጭንቅላቷን የምታስረው እሷ! በዚህ ሐሳቤ ዛሬም እንደጸናሁ ነኝ።

በመጨረሻ "ወይ እጄን፣ ወይ ቆቡን" አልኳት። ቆቡን መረጠች። ሳልጸልይላት ሄደች።

ቅዱሳን፣ ያን ቀን ሰላም አጣሁ። ልብስ እያሰጣሁ፣ እየተቆጣሁም ቢሆን፣ ጌታ ሆይ እልኸኛ ናት፣ አንተ ግን ጠብቃት አልኩ። ወዲያው ስልክ ተደወለ። አብነት ጋ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ወደ ኋላ ሳያይ በሩን በርግዶ ጥሏታል።

ሆስፒታል እንዴት እንደደረስኩ እሱ ያውቃል። ክንዷ ተሰብሯል፤ ዓይኗ ግን ያየኛል፣ ሃሌ ሉያ! ዶክተሩ ሄልሜቱን አሳየኝ፤ ጎኑ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጣጥቋል። ያተረፋት ይሄ ነው አለኝ። ያተረፋት ጌታ ነው አልኩት፣ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ።

"እናቴ፣ እኔም አማኝ ነኝ" አለ በቀስታ። "ያተረፋት እሱ ነው። በምን እንዳተረፋት ነው የማሳይዎት።"

እውነትህን ነው አልኩት። የምታውቁኝ ይህ ራሱ ተአምር መሆኑን ትመሰክራላችሁ። ጠብቃት ብዬ እለምናለሁ፣ የሚጠብቃትን ደግሞ አውልቂ እላለሁ! ስሙ ይክበር፤ እኔን ሳይሰማ እሷን ጠበቃት።

ሾፌሩ ጥግ ቆሞ ነበር። "እንኳንም ሄልሜት አደረገች እማማ፣ ይኸው ተረፈች" ብሎ ሊሄድ ሲል እጁን ያዝኩት።

"ሄልሜቱ የሸፈነው የሷን ራስ ነው፤ ያንተን ጥፋት አይደለም" አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክንዷ እስኪድን ድረስ በሚኒባሱ ሥራዋ ያደርሳትና ይመልሳት ነበር፤ ኋላውን ሳያይም በር አልከፈተም።

አሁን ድናለች፣ ጌታ ይመስገን። ጠዋት መጀመሪያ እጄን እጭናለሁ፣ ከዚያ አዲሱን ሄልሜት አጥልቄላት ማሰሪያውን እኔው እቆልፋለሁ። አነቀኝ ብትልም አላላላትም።

ወገኖቼ፣ በእሱ ታመኑ፤ መጠበቂያ ሲሰጣችሁም አትግፉት። በብስክሌት የመጣችሁ፣ ከአምልኮ በኋላ ሄልሜታችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ እኔ ኑ፤ እጸልይላችኋለሁ። ሾፌሮችም ኑ። የእናንተ ጸሎት ግን ረዘም ይላል።