የስኳር መድኃኒት ሙከራ ጉዞ፣ ከሞላሌ እስከ ዘመሮ

በሁዳዴ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከደብረ ብርሃን በጭነት መኪና ወጣሁ። የምሠራበት ሆስፒታል ዶክተር እኔን የላኩኝ ሰው አጥተው አይደለም፤ ትምህርት ቤት ሳይገባ ከመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ንባብ የለመደ ድሬሰር ከእኔ ሌላ የት ይገኛል?

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ የስኳር ሕመምተኞች አንዳንዴ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ይስታሉ፤ ቶሎ ካልተደረሰላቸው ይሞታሉ። ዶክተሩ ሙከራ አስበዋል፦ ግማሾቹ የለመዱትን ያህል፣ ግማሾቹ ቀነስ አድርገው ይወጋሉ፤ የትኞቹ ብዙ እንደሚወድቁ ይታያል። የእኔ ሥራ ፈቃደኛ መመዝገብ ነው።

ሞላሌ፣ አሥር ሰዓት

ጎማው ሁለቴ ተነፈሰ፤ ብርዱ ከንፈሬን ሰነጠቀው። ሽሮዬን በልቼ ሕመምተኛው ነጋዴ አቶ ሽፈራው ዘንድ ሄድኩ።

«የሚቀነስለት ማነው? ዘመድ ያለው?» አሉኝ።

«በዕጣ ነው ጋሼ፣ እንደ ቅርጫ።»

«በቅርጫ ሥጋውን አይቼ ነው ዕጣ የምጥለው። እዚህ ሥጋው እኔው ነኝ።»

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ግን ፈረሙ።

ዘመሮ፣ ረቡዕ ስምንት ሰዓት

ከሞላሌ በኪራይ በቅሎ ወጥቼ፣ መንገዱን ሙሉ ለባለበቅሎው ስለ ታካሚዬ ስለ ወይዘሮ በለጠች ስጎርር መጣሁ። መርፌ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን አላጓደሉም። ሁለቴ ወድቀው ስለተነሱ ሙከራው ከሁሉም በላይ ለእሳቸው ያስፈልግ ነበር።

ስደርስ መደብ ላይ ተኝተዋል። በዚያ ብርድ ቀሚሳቸው በላብ ርሷል። ብጠራቸው አይሰሙም።

«መርፌ ወስደዋል?»

«ማለዳ፣ እንዳልከው» አሉ ባላቸው አቶ ደምሴ።

«ምን በሉ?»

«ቅዳሴ ሳይወጣ ምን ትበላለች? እጇ ሲንቀጠቀጥ ማር ላምጣልሽ ብላት እምቢ አለች።»

«ለታመመ ሰው ይፈቀድ የለም?»

«ነፍስ አባቷም እንዲሁ ብለዋት ነበር። ‹ሐኪሙ ድነሻል ብሎኛል፣ ጤነኛ ሆኜ እንዴት ጾም እገድፋለሁ› አለቻቸው።»

እውነት ነው፤ ብያለሁ። በእኔ እጅ ድነዋል ብዬ ገበያ ላይ ሳይቀር አውርቻለሁ። እኔም ጾመኛ ነኝ፣ እስከዚያ ሰዓት እህል አልቀመስኩም፤ ግን መቼ እንደሚበሉ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ሳይበሉ ተወግተው ስኳራቸው ወርዷል፤ ማሩን ድዳቸው ላይ ቀባሁት። የግሉኮስ መርፌ አልያዝኩም፤ የያዝኩት የመመዝገቢያ ወረቀት ነው። ቅዳሴው ሳይወጣ ትንፋሻቸው ቆመ።

አቶ ደምሴ የሚስታቸውን ዓይን ከደኑ። «ድነሻል ባትላት» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

ደብረ ብርሃን፣ ቅዳሜ

ከቀብር በኋላ ተመለስኩ። ዶክተሩ ሁሉንም ሰምተው ዕጣው ለጊዜው እንዲዘገይ አዘዙ፤ ቅጹ ላይ «ስንት ሰዓት ይበላሉ? ይጾማሉ?» የሚል አስጨመርኩ።

ሰኞ እንደገና እሄዳለሁ፣ ግሉኮስ ይዤ። ለየቤቱ የምናገረውን ከአሁኑ አውቄዋለሁ፦ አላዳንኳችሁም። ታማሚዎች ናችሁ። ብሉ።