ሁለቱ የራጅ ፊልሞች

ባለቤቴ ኮምቦልቻ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበር። ከሥሩ መብራት በበራበት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ የሚያልፈውን ጨርቅ እያየ የተበጠሰ ወይም የላላ ክር ይፈልጋል። ቤትም ገብቶ ዓይኑ አያርፍም። አዲስ ቀሚስ ለብሼ ስወጣ «ቆይ እስቲ፣ ዙሪ» ይለኛል፤ አንድ እንከን ሳያገኝ አይለቀኝም።

በደርግ መጨረሻ ዓመታት አንጀቱ ላይ ነቀርሳ ተገኘበትና ደሴ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቁስሉ ሲድን ራጅ ተነሣ፤ ሐኪሙ ፊልሙን ለእኔ ሰጠኝ።

«በደንብ ያስቀምጡት። በሽታው ተመልሶ እንደሆነ የምናውቀው ከዚህ ጋር አስተያይተን ነው» አለኝ።

እንዳይታጠፍ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አቆምኩት። እሱ ሥራ ሲሄድ ግን እያወጣሁ በመስኮቱ ብርሃን አየው ነበር። አብሬው የኖርኩት ሰው ውስጡ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበርና አላስችል አለኝ። አንጀቱ ነጭ ሆኖ፣ ወደ ደሴ የሐረጎን ተራራ እንደሚወጣው መንገድ ይጠማዘዛል።

ዓመት ሲሞላው ሆዱን እንደገና ያመው ጀመር። ፊልሙን ይዘን ደሴ ወጣን። ከዋዜማው ጀምሮ ምግብ ተከልክሎ የጉሎ ዘይት ጠጥቷል። ራጅ ክፍል አስገብተው፣ አንጀቱ በፊልሙ ላይ ጎልቶ እንዲታይ፣ ኖራ የመሰለ ፈሳሽ ከኋላው ሞሉት። ቀበቶውን እያጠበቀ ወጣ።

«ወላሂ፣ ዒድ ሳይደርስ ቤቱን ኖራ ቀቡት» አለ ሆዱን መታ መታ አድርጎ።

«ሰው የሚያስቀባው ከውጭ ነው።»

«እኔን ከጓዳ ጀመሩኝ።»

ሐኪሙ ሁለቱን ፊልሞች መብራት ባለው ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሰቅሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ያይ ጀመር። ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሣ።

«ዶክተር፣ ልጠጋ?»

«ይጠጉ ጋሼ፤ የራስዎ ሆድ አይደል?»

እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ከላይ ወደ ታች እየተመለከተ ወረደ። ከዚያ ጣቱን በአዲሱ ፊልም ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ጋ ጠርዙ ተበልቷል። ባለፈው ቀጥ ያለ ነበር። ተሳሳትኩ?»

ሐኪሙ ጣቱ ወዳረፈበት ቦታ ጠጋ ብሎ አየ።

«አልተሳሳቱም» አለ። «እኔም እሱን ነው የማየው። ተመልሷል።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። «ታየሽ?»

«ታየኝ» አልኩ። አልታየኝም። እንባ ጋርዶኝም አልነበረም፤ ሁለቱም አንድ መሰሉኝ እንጂ።

በአውቶቡስ ሐረጎን ስንወርድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አንቺ ቀጣፊ፣ መች ታየሽ? ካፈጠጡበት እኮ ይደበቃል። አንገትሽን ዘንበል አድርጊ።»

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን አዲስ አበባ ሄድን። ሐኪሞቹ ሆዱን ከፍተው አዩና መልሰው ሰፉት። ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየልኝም።

ይህን ለመጻፍ ስቀመጥ ፊልሞቹን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አወጣኋቸው። መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ይዤ እሱ እንዳለኝ ዘንበል አልኩ። ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ ክንዴም ዛለ። በግራ በኩል፣ ከዳሌው አጥንት ከፍ ብሎ፣ አይጥ የነካው የጨርቅ ጫፍ የመሰለ ቦታ አለ። የትንሿን ጣቴን ጥፍር አያክልም።

ታየኝ።