ሽማግሌዎቹ እናቴ ቤት የቆሙ ቀን

«ምን አግኝቶሽ ነው ፖለቲካ ውስጥ የገባሽው?» ይሉኛል። ተናድጄ ነዋ! ሌላ የሚያምር ምክንያት የለኝም። በፔታህ ቲክቫ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመታት መገሸሬት ሆኜ ሠርቻለሁ። መገሸሬት ማለት በእኛ ወላጆችና በመምህራኑ መካከል ተቀምጣ የአንዱን ቃል ለሌላው የምታስተላልፍ ሴት ናት። የእናቶችን እንባ በዕብራይስጥ፣ የርእሰ መምህራንን ቁጣ በአማርኛ ሳመላልስ ኖርኩ። የራሴን ሐሳብ የጠየቀኝ አልነበረም፣ እኔም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን ከክኔሴት፣ ከእስራኤል ፓርላማ፣ የመጣ ሰውዬ ወላጆችን ሰብስቦ ስለ እኛ ለእኛው ያስረዳን ጀመር። እሱ ያወራል፣ እኔ እተረጉማለሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠች አንዲት እናት ድንገት እጇን አወናጨፈችና «እሱን ተይው እስቲ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። ሰውዬው «ምን አለች?» ብሎ በዕብራይስጥ ጠየቀኝ። «እኔን ነው የጠየቀችው፣ አንተን አይደለም» አልኩት። ከዚያ ወዲያ እንደ በፊቱ ዝም ብዬ መተርጎም አልቻልኩም፤ ምላሴን ይበላኝ ጀመር።

በዚያው ሰሞን አባል የሆንኩበት ፓርቲ ለክኔሴት በሚያቀርበው የዕጩዎች ዝርዝር ላይ ከኢትዮጵያ ለመጣን ሰዎች አንድ ቦታ ያዘ። ቦታውን ማን እንደሚወስደው የሚወስኑት በውስጥ ምርጫ የፓርቲው አባላት ናቸው፤ ከእኛ ሰው ብዙው፣ እናቴም ጭምር፣ አባል ነው። ሄጄ ተመዘገብኩ። ለባለቤቴ የነገርኩት ከተመዘገብኩ በኋላ ነው። እሱ ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር የሚሠራ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ትንሽ አየኝና «ያላ፣ እንግዲያው ደህና ጫማ ግዢ» አለኝ። ምክሩ ከሁሉም ምክር በለጠ፤ ሊፍት የሌላቸውን ፎቆች ሁሉ በዚያ ጫማ ነው የወጣኋቸው።

ጠዋት ጠዋት ሰጉላ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ቆሜ ወደ ሥራ የሚገቡትን ሰላም እል ነበር። ማንም ስለ ፖሊሲዬ አልጠየቀኝም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «የማን ልጅ ነሽ?» ነው። አንዲት ጽዳት የምትሠራ ሴት እጄን ጭብጥ አድርጋ ይዛ እስከ ሰባት ቤት ቆጠረችኝና ዘመድ ሆነን ተገኘን፤ ተሳሳምን። «እንግዲያው ትመርጪኛለሽ?» ስላት «ዘመድማ ነን፤ ምርጫውን ደግሞ እናያለን» ብላኝ ሄደች። አንድ ሰው ደግሞ «ባልሽ የት ሄዶ ነው አንቺ እዚህ የቆምሽው?» አለኝ። «ሥራ ላይ ነው። ያንተዋስ የት ናት?» አልኩት። እሱ እንኳ ስቆ አለፈ፤ ሳይስቁ ያለፉም ነበሩ። ይለፉ።

ተወዳዳሪዬ ጊቫት ሽሙኤል የሚኖር የቀድሞ የጦር መኮንን ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ክፉ ነው ብል ግፍ ይሆንብኛል። ሸሚዙም የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተተኮሰ። በአያቶቻችን በኩል እንዛመዳለን፤ ችግሩም የመጣው ከዚህ ነው። ከአንድ ዘር ሁለት ሰው ሲወዳደር ድምፁ ለሁለት ይከፈላል፣ ቦታውን ሌላ ይወስደዋል፣ ስለዚህ አንዱ ይተው ተባለ። የትኛው ይተው የሚለውን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም። መናገር አላስፈለገማ!

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እናቴ ደወለችልኝ። ራማት ቬርበር ሰፈር ብቻዋን ነው የምትኖረው። «ቶሎ ነይ፣ ሰዎች ቤቴ ቆመዋል» አለችኝ። ፖሊስ መስሎኝ ከሥራ እየሮጥኩ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎኑ መሐል ተደርድረው ቆመዋል። ትልቁ ሽማግሌ በከተማው ያለ የእኛ ሰው ሁሉ «አባባ» የሚላቸው፣ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ ስንት ደም ያደረቁ ሰው ናቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ወለሉን ያያሉ። እናቴ ጥግ ላይ ሆና እጇን እያፋተገች ነበር።

የእኛን ወግ ለማያውቅ ላስረዳ። ሽማግሌ ለልመና ሲላክ ጉዳዩ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ እህል ውኃም አይቀምስም። መቆሙ ነው ጉልበቱ። ሰው ፊት ለፊት እየቆመ፣ ያውም ሽበት ያለው ሰው፣ እምቢ ማለት ድንጋይ ልብ ይፈልጋል። ደግሞ ብልጠታቸው! እኔ ቤት አልመጡም። እናቴ ቤት ነው የመጡት።

«ልጄ» አሉ አባባ፣ «ወንድምሽ ብዙ የደከመበት ነገር ነው። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ጊዜ አለሽ። ለዚህ ሽበት ብለሽ ተይለት።»

ያኔ አርባ ዓመት አልፎኛል። «ይቅርታ አባባ፣ አልተውም» አልኩ።

ቆሙ። ሁለተኛው ሽማግሌ ተናገሩ፣ ሦስተኛውም ተናገሩ፤ እኔ ያው «አልተውም» አልኩ። ቆሙ። እናቴ «አፈር ስሆን ተቀመጡ» እያለች ትለምናቸዋለች፤ እነሱ ንቅንቅ አይሉም። ቆይቶ ቆይቶ የአባባ እግር ሲንቀጠቀጥ አየን። እናቴ ይህን ስታይ አልቻለችም። «ኧረ በቃ! ተቀመጡልኝ፣ ነገሩን በኔ ጣሉት!» አለች።

ተቀመጡ። ዳቦ ቆረሰችላቸው። እኔም ብሽቅ ብዬ ብቀመጥ ያሳደገችኝን ማሰደብ ሆነብኝና ተነስቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በገዛ እጄ ጠላ ቀዳሁላቸው። ለሽማግሌ መቅዳት ለእኔ ትሕትና ብቻ ነበር። ጠጡ፤ ቤቱ ይሙላ፣ ልጆችሽ ይባረኩ ብለው መርቀው ወጡ። ደክሟቸው ተቀመጡ እንጂ ነገሩስ ተበላሽቶባቸዋል ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሞኝ!

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሳልደርስ ስልኬ መጮኽ ጀመረ። «ጎበዝ! ትልቅ ሰው አከበርሽ!» «አስተዳደግሽ ያስታውቃል!» ምን እንደሚሉ ግራ ገባኝ። በመጨረሻ ተወዳዳሪዬ ራሱ ደወለ። «እህቴ፣ ውለታሽን አልረሳም» አለ፣ ድምፁ ሙክክ ብሎ።

«የምን ውለታ?»

«ተውሽልኝ አይደል? ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ አንቺም በእጅሽ ቀዳሽላቸው ተባለ። ለፓርቲው ስኒፍ ቢሮም ነግሬያለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ ልጆች በሁለቱም በኩል እየተጋፉ ያልፋሉ። ደሜ ፈላ። ሦስት ጊዜ እምቢ ብዬ አንድ ጊዜ ብቀዳ፣ የተሰማው መቅዳቴ ብቻ ነው! «አልተውኩም» አልኩት። «ሽማግሌዎቹ ግን...» ሲል ስልኩን ዘጋሁበት። ወዲያው ከፓርቲው ቢሮ ደውለው፣ መውጣትሽን አረጋግጪ አሉኝ። አልወጣሁም ብል ያው አንድ ቃሌ ነው። ሕዝቡ ግን የሚያምነው ሽማግሌን ነው፤ እውነቱን አውቃለሁ። አባባ ራሳቸው ካላፈረሱት በቀር ስሜ ወረቀት ላይ ቢኖርም ማንም አይመርጠኝም።

ቤታቸው ገበያው አጠገብ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ሰንበት ሊገባ ስለሆነ ባለቤታቸው ጉድ ጉድ ይላሉ። አባባ ሶፋቸው ላይ ነበሩ። ገብቼ ሰላም አልኩና ሳሎኑ መሐል ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ቁጭ በይ እንጂ ልጄ» አሉኝ ባለቤታቸው።

«ጉዳዬ ሳይፈጸም አልቀመጥም» አልኩ።

አባባ ቀና አሉ። መጀመሪያ የሰሙት አልመሰላቸውም። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። «ሴት ልጅ ሽማግሌ ሆና ስትቆም ታይቶ አይታወቅም!»

«እንግዲያው ዛሬ ይታይ።»

ባለቤታቸው ድስቱን ከእሳቱ አውርደው በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። ሳድግ እኚህን ሰው ሳይ ከመንገድ ዘወር የምል ልጅ ነበርኩ።

«አባባ፣ ትናንት እተዋለሁ ስል ሰምተውኛል?»

«እናትሽ በኔ ጣሉት አለች።»

«እናቴ አይደለችም የምትወዳደረው። እኔ ስል ሰምተውኛል?»

ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሰንበት እየቀረበ ነው፣ መሸት ሲል ስልክ አይነኩም፤ እሳቸውም እኔም ይህን እናውቃለን። እኔ ግን እንደቆምኩ ነኝ።

«አልሰማሁም» አሉ በመጨረሻ።

«እሱ ቤትስ ሄደው ቆመዋል? ጊቫት ሽሙኤል ሩቅ አይደለም።»

«አልሄድንም።»

«ለምን?»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። እንዲያውም አፍረው ነው መሰለኝ ወደ ባለቤታቸው አዩ። «እሱ እምቢ ቢለንስ ብለን ፈራን» አሉ። «አንቺ ትሰሚናለሽ ብለን ነው።»

ይህች ቃል እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ደጉ ልጅ፣ ታዛዡ ልጅ ሆኜ ያተረፍኩት ይህን ነው፤ መጀመሪያ የሚገፋው ሰው መሆንን። «እኔምኮ እምቢ ብያለሁ» አልኳቸው። ድምፄ ከምፈልገው በላይ ጮኸ። «ሦስቴ ብያለሁ! የኔ እምቢ ምን ስለጎደለው ነው እሺ ተብሎ የተቆጠረው?»

«ስልኩን አምጭው» አሉ አባባ ለባለቤታቸው። ለተወዳዳሪዬ ደወሉ፣ ለሁለቱ ሽማግሌዎችም ደወሉ፤ ለእያንዳንዳቸው «ልጅቱ አልተወችም፤ ከአፏ አልሰማንም፤ ለሰው እንዲህ ብላችሁ ንገሩ» አሏቸው። ሲጨርሱ «እንግዲህ ቦታውን ሌላ ቢወስደው በራስሽ ነው» አሉኝ። «በራሴ» አልኩና ተቀመጥኩ። ባለቤታቸው ውኃ ሲያቀብሉኝ ክንዴን ቆንጠጥ አደረጉኝ፤ ቁጣ ይሁን ምርቃት አልገባኝም።

ምርጫው ደረሰ፣ አለፈ። አባባ እንደፈሩት ሆነ። እኔም አላለፍኩ፣ እሱም አላለፈ። ከደቡብ የመጣች አንዲት ወጣት ጠበቃ ቦታውን ወሰደችው። ጎበዝ ናት፤ ስልኳን ፈልጌ እንኳን ደስ አለሽ ብያታለሁ።

ከዚያ በኋላ የተባልኩትን ልተወው። «የወንድሟን እንጀራ ገለበጠች።» «ለእሷም ለእሱም አልሆነ።» ሠርግ ላይ ስገባ ወንበር የሚሸሽ ሰው አየሁ። ይሽሽ! እሱ ቢተው ኖሮ እኔ አልፍ ነበር የሚል አንድም ሰው አልሰማሁም። ሒሳቡ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሒሳብ አይደለም። ዛሬም ቢመጡ ያንኑ ነው የምመልሰው።

አንድ ቀን እናቴ ቤት ልብስ እያጣጠፍን ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ቆየሁ። «እንግዲህ ከቤቴ ሰዎች በቀር ማን እንደመረጠኝ እንኳ አላውቅም» አልኩ።

እናቴ ከአንሶላው ቀና ሳትል «እኔ ለሱ ነው የሰጠሁት» አለች።

የሰማሁት አልመሰለኝም። «ምን አልሽ?»

«ለሱ ነው የመረጥኩት። በኔ ጣሉት ብያቸው ነበር። ሽማግሌ አስቀምጬ፣ እህል አብልቼ፣ ተመርቄ ሳበቃ ቃሌን ልብላ?»

«እማዬ፣ እኔ ልጅሽ ነኝ!»

«ልጄማ ነሽ። ይኸው እያጣጠፍኩልሽ አይደል?» አንሶላውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና አሁን ዓይኔን አየችኝ። «አንቺ የሰውን በር ሁሉ አንኳኳሽ። እኔን ግን ድምፅሽን ስጪኝ ብለሽኝ ታውቂያለሽ? እነሱ ለምነውኛል፤ በዚያ እግራቸው ቆመው። አንቺ የኔን በኪስሽ ያለ አድርገሽ ቆጠርሽው።»

ቦርሳዬን አነሳሁ። በሩ ድረስ ሄድኩ። ልቤ እንዴት እንደደበነ! ከከተማው ሁሉ ንቀት የእሷ ይበልጥ አንገበገበኝ። ጥፋቷ ግን የቱ እንደሆነ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ተመለስኩ።

«በሚቀጥለውም እወዳደራለሁ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ድምፅሽን ስጪኝ።»

የቀረችውን ትራስ ልብስ አጥፋ፣ በእጇ ዳምጣ፣ ከሌሎቹ ላይ ደረበቻት።

«ዛሬ ቀድመሻቸዋል» አለች። «በሰደር፣ እሺ፣ ሰጥቼሻለሁ። ከእንግዲህ ማንም ቢመጣ ቆሞ ይዋላ።»